ዘመድ ጠያቂ መንገደኛ

በመንገደኞች ሕክምና አንድ ዓይነት ተጓዥ ለብቻው ስም ወጥቶለታል፤ ሐኪሞች «ቪኤፍአር» ይሉታል። በበለጸገ አገር እየኖረ ወዳጅ ዘመዱን ለማየት ወደ ትውልድ አገሩ የሚሄድ ሰው ነው። ውጭ የተወለዱ ልጆቹም አብረው ይቆጠራሉ። በአማርኛ «ዘመድ ጠያቂ መንገደኛ» ልንለው እንችላለን። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከስቶክሆልም ተነሥቶ ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ ሰው ማለት ነው።

ለምን ለብቻው ስም አስፈለገው? ጎብኚው ፈረንጅ አገሩን ስለማያውቀው ይፈራል፤ ክትባቱን ይከተባል፣ ኪኒኑን ይገዛል፣ አጎበሩን ይሸከማል። ዘመድ ጠያቂው ግን የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው። ሻንጣው ውስጥ ለእናት የስኳር መለኪያ፣ ለአክስት ቫይታሚን፣ ለእህት ልጅ ጫማ ይጠቀጠቃል፤ ለራሱ የሚሆን የወባ መድኃኒት ግን አይገኝበትም። ለቅሶ ለመድረስ የሚጣደፍማ ትኬቱን ማታ ቆርጦ ጠዋት ይሳፈራል፤ ሐኪም የማማከሪያ ጊዜ ከየት ይመጣል? አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 2,000 የሚጠጉ የወባ ሕሙማን ይመዘገባሉ። ሁሉም ለማለት ይቻላል በሽታውን ይዘው የሚመጡት ከውጭ ነው፤ አብዛኞቹም ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው የተመለሱ ናቸው።

«ልጅ ሳለሁ ይዞኝ ያውቃል፣ ለምዶኛል» የሚለው መተማመን አደገኛ ነው። ሰውነት ወባን በከፊል የሚቋቋመው ደጋግሞ ሲያዝ ብቻ ነው፤ ከወባማ አካባቢ ርቆ ጥቂት ዓመታት የኖረ ሰው ያ አቅም ይከዳዋል። ደጋ ተወልዶ ያደገው ደግሞ መጀመሪያም አልነበረውም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ ወባ እምብዛም ወደማያውቃቸው ከፍታ ቦታዎች ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ሜሪላንድ የተወለደ የስድስት ዓመት ልጅም ከዚያ ዘመን ደገኛ የተሻለ መከላከያ የለውም።

አዲስ አበባ ብቻ ሰንብቶ ለሚመለስ ወባ አያሰጋም፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት። ችግሩ ማንም አዲስ አበባ ብቻ አለመሰንበቱ ነው። አንዱ ባሕር ዳር ሠርግ አለው፣ ሌላው ሐዋሳ ሊዝናና ይወርዳል፣ አርባ ምንጭም አለ። ዋናው የወባ ወቅት ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲተኛ፣ ከመስከረም ጀምሮ ያሉት ወራት ናቸው፤ መስቀል የሚውለው እዚያው መግቢያ ላይ ነው። «ከተማ ነው፣ በጋ ነው» ማለትም እንደ ድሮው አያዋጣም። በ2014 ዓ.ም. በጋ ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሣ ከጀርባው የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት። በየግቢው ባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች።

የመከላከያ ኪኒኑ ዓይነት ብዙ ነው፤ ምርጫው የሐኪም ነው። ክሎሮኪን ግን ለኢትዮጵያ አይታዘዝም። ማላሮን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ከወባማው ቦታ ከወጡ በኋላ ለ7 ቀን ይቀጥላል፤ ዶክሲሳይክሊን ለአራት ሳምንት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቦሌ ሲሸኝ ኪኒኑንም ይሰናበታል።

ከወባ ይልቅ ይሉኝታ የሚፈትነው በገበታ ላይ ነው። አክስት በእጃቸው እያጎረሱ «ጥሬ ሥጋ አልበላም» ማለት ቀላል አይደለም። ቢያንስ የታይፎይድና የጉበት ብግነት ኤ ክትባት ቀድሞ መውሰድ ይቻላል፤ ኮሶን የሚከላከል ክትባት ግን የለም፣ ሥጋውን ማብሰል ብቻ ነው። አረጋውያን ወላጆችን ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ሌላም ማሰብ አለበት፦ የአሜሪካው ሜዲኬር ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው አይከፍልም፤ ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። የደም ግፊት ኪኒናቸውም ከነማሸጊያው በእጅ ሻንጣ ይያዝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት አይገባም። ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ከሁሉ በፊት የሚነገረው «ከኢትዮጵያ መመለሴ ነው» የሚለው ነው፤ ካልተነገረው ሐኪሙ ወባን ላያስብ ይችላል። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ወባ የለም ቢልም በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ በድምሩ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፣ በመስከረም የተጓዘ ሰው በግንቦት ቢያተኩሰውም ጉዞውን ለሐኪሙ ይንገር።