የጽኑ ሕሙማን የርቀት ክትትል፦ አሠራሩና በሕክምና ውጤት ላይ ያለው ፋይዳ

የጽኑ ሕሙማን የርቀት ክትትል ማለት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ታካሚዎችን በሌላ ቦታ በሚገኝ ማዕከል የተመደቡ ስፔሻሊስት ሐኪሞችና ነርሶች በቴሌኮሙኒኬሽን መስመር የሚከታተሉበት የሕክምና ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ያስፈለገው የጽኑ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ቁጥር ውስን በመሆኑና በተለይም በሌሊት በየሆስፒታሉ ሊገኙ ባለመቻላቸው ነው።

አሠራሩ

የታካሚው የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የኦክስጅን መጠንና የላቦራቶሪ ውጤት ወደ ማዕከሉ ይተላለፋል። አሳሳቢ ለውጥ ሲታይ ሥርዓቱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የማዕከሉ ሐኪም ታካሚውን በካሜራ ተመልክቶና ከተረኛው ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ሕክምናው እንዲስተካከል ያደርጋል። መድኃኒት የመስጠትና በእጅ የሚከናወን ማንኛውም ሕክምና ግን ምንጊዜም ከታካሚው አጠገብ ያለው ባለሙያ ኃላፊነት ነው።

በሕክምና ውጤት ላይ የታየው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዎርስተር ከተማ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል 7 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የታከሙ 6,290 አዋቂ ታካሚዎችን አካቷል። ሥርዓቱ ከተዘረጋ በኋላ በሆስፒታሉ ሕይወታቸው ያለፈ ታካሚዎች ድርሻ ከ13.6 ወደ 11.8 በመቶ ዝቅ ብሏል። በሆስፒታል የመቆያ ጊዜም በአማካይ ከ13.3 ወደ 9.8 ቀናት አጥሯል። ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር የተያያዘ የሳንባ ምች ከ13 ወደ 1.6 በመቶ ወርዷል። በዚህ ሆስፒታል የማዕከሉ ቡድን የደም መርጋትንና ኢንፌክሽንን ለመከላከል የተቀመጡ መመሪያዎች መፈጸማቸውንም ይከታተል ነበር።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመና 6 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎችን ባካተተ ሌላ የአሜሪካ ጥናት በአጠቃላይ የሞት መጠን ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። በዚያ ጥናት ለአብዛኞቹ ታካሚዎች ኃላፊ የሆኑት ሐኪሞች ለማዕከሉ የሰጡት የመወሰን ሥልጣን እጅግ የተገደበ ነበር። በብራዚል በ30 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ደግሞ ከ17,000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ነው። በግማሾቹ ክፍሎች አንድ ስፔሻሊስት በየዕለቱ በቪዲዮ ከክፍሉ ቡድን ጋር የታካሚዎችን ሁኔታ ቢገመግምም፣ የመቆያ ጊዜውም ሆነ የሞት መጠኑ አልቀነሰም።

ከእነዚህ ጥናቶች መረዳት የሚቻለው መሣሪያ መተከሉ ብቻውን የታካሚን ሕይወት እንደማይታደግ ነው። ጥሩ ውጤት የሚጠበቀው ማዕከሉ የመወሰን ሥልጣን ሲኖረው፣ ከአልጋው አጠገብ ያለው ቡድን በቁጥርም በክህሎትም ብቁ ሲሆን እና የተሰጠው ምክር ሳይዘገይ ሲፈጸም ነው።

ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

የታካሚ ቤተሰብ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለክፍሉ ኃላፊ ማቅረብ ይችላል፦

• በሌሊት የታካሚው ሁኔታ ቢባባስ በቅድሚያ ከአልጋው አጠገብ የሚደርሰው ማን ነው?
• የማዕከሉ ሐኪም ሕክምና የማዘዝ ሥልጣን አለው ወይስ ምክር ብቻ ይሰጣል?
• ካሜራው የሚበራው መቼ ነው? ምስሉስ ይቀረጻል?
• የኔትወርክ ወይም የኤሌክትሪክ መቋረጥ ቢያጋጥም ክትትሉ እንዴት ይቀጥላል?

ሥርዓቱ በስፋት በሚሠራባት አሜሪካ ዘመዶቻቸው የሚታከሙ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ከፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የሚያገኙ ሆስፒታሎች የአስተርጓሚ አገልግሎት በነፃ የማቅረብ ግዴታ እንዳለባቸው ሊያውቁ ይገባል። ስለሆነም ከማዕከሉ ሐኪም ጋር በሚደረግ ውይይት ላይ አስተርጓሚ እንዲገኝ መጠየቅ ይችላሉ።

የርቀት ክትትል በሥራ ላይ መሆኑ ከታካሚው አጠገብ ያለውን ባለሙያ አይተካም። በመሆኑም ቤተሰብ በታካሚው ላይ የመተንፈስ ችግር፣ ግራ መጋባት ወይም ሌላ ድንገተኛ ለውጥ ሲያስተውል የመሣሪያውን ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቅ ተረኛውን ነርስ ወዲያውኑ ሊያሳውቅ ይገባል።