ሁለተኛው ትውልድ (ጣልያን)

ሁለተኛው ትውልድ በጣልያን ከስደተኛ ወላጆች የተወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው ወደዚያ ሄደው ያደጉ ሰዎች የሚጠሩበት ስም ነው።

የጣልያን ዜግነት በዋነኛነት የሚተላለፈው በዘር ሐረግ እንጂ በትውልድ ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት ከውጭ አገር ዜጎች የተወለደ ልጅ፣ ወላጆቹ ዜግነት ካላገኙ፣ እስከ 18 ዓመቱ የውጭ ዜጋ ሆኖ ይቆያል። ከተወለደ ጀምሮ ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ የኖረ ከሆነ፣ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። በሕፃንነቱ የገባው ግን ይህ መንገድ የለውም። በአንጻሩ ወደ ሌላ አገር የተሰደዱ ጣልያናውያን ዝርያዎች አገሪቱን ሳያዩ ዜግነት ማግኘት ይችሉ ነበር፤ ይህ መብት የተገደበው በ2025 ነው።

ከጋናውያን ወላጆች በ1990 በፓሌርሞ የተወለደው የእግር ኳስ ተጫዋች ማርዮ ባሎቴሊ ዜግነት ያገኘው በ2008፣ 18 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ ለጣልያን ብሔራዊ ቡድን መሰለፍ አይችልም ነበር።

ሕጉን ለማሻሻል የቀረበ ረቂቅ በ2015 በታችኛው ምክር ቤት ቢያልፍም በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ለዜግነት የሚጠየቀውን የ10 ዓመት ነዋሪነት ወደ 5 ለማውረድ በሰኔ 2025 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔም፣ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከግማሽ በታች በመሆኑ ውድቅ ሆኗል።