ኢልግና ማስረሻ

በምሠራበት የዙሪክ ሆስፒታል በቀን ሃያ ጊዜ የሚጠራው አባቴ ነው። ነርሶቹ «ዶክተር ማስረሻ» ይላሉ፤ አቤት የምለው ግን እኔ ልጁ ነኝ። አባቴ ጎጃም ውስጥ ሲያርስ ኖሮ ያረፈ ገበሬ ነበር። ተማሪ ሆኜ ጄኔቫ በገባሁበት ጊዜ በፓስፖርቴ ላይ ከስሜ ቀጥሎ የተጻፈው የአባቴ ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ተመዘገበ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እርሱ በስዊስ ምድር ይጠራል፣ እኔ እመልሳለሁ።

ጄኔቫ ውስጥ ሌላ «ማስረሻ» አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስሙን በመልእክት ሳጥን ላይ አይቶ «ዘመድህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሰውየው የወሎ ሰው ነው፤ የሚያገናኘን ነገር ቢኖር የሁለታችንም አባቶች አንድ ስም የወጣላቸው መሆኑ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ግን የጠየቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገሩ እምብዛም የማይገኝ ስም ሁለት ሰዎች ላይ ከታየ ነገሩ የዝምድና ምልክት ነውና። ይህን ልዩነት ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ከምናውቃቸው የስዊሶች ስሞች አንዱን መመርመር ይበጃል፤ ይኸውም ኢልግ የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 በቱርጋው ካንቶን በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተምሮ በ1870ዎቹ መጨረሻ ወደ ሸዋ፣ ወደ ምኒልክ ዘንድ ሄደ። ድልድይ ሠራ፤ ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አደረሰ፤ በ1894 የምድር ባቡሩን ፈቃድ ተቀበለ፤ በ1897 የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ተሾመ። በጥር 1916 ዙሪክ ውስጥ ሲሞት የደከመበት ባቡር አዲስ አበባ ለመግባት አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። አባቶቻችን «ሙሴ ኢልግ» ይሉት ነበር። በእኛ ልማድ ከማዕረግ ቀጥሎ የሚጠራው የሰውየው የራሱ ስም ነው፤ ኢልግ ግን የራሱ ሳይሆን የቤተሰቡ ስም ነበር። እነሆ እኛ የቤተሰቡን ስም የራሱ አድርገን ጠራነው፤ የአገሩ ሰዎች ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ የአባቴን ስም የቤተሰቤ አድርገው መለሱልን።

ኢልግ ምን ማለት ነው? የስም ሊቃውንት ከኤጊዲየስ ያመጡታል። ኤጊዲየስ በደቡብ ፈረንሳይ በምናኔ እንደ ኖረ የሚነገርለት ቅዱስ ሲሆን፣ ገድሉ በጫካ ሳለ አንዲት አጋዘን ወተቷን ትመግበው እንደ ነበር ይተርካል፤ የአካል ጉዳተኞችም ጠባቂ ነው ይባላል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አንበሶችና ነብሮች ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ይህ ረጅም ስም በሕዝብ አፍ እየተሸራረፈ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወገን፣ በጄኔቫም ጭምር፣ «ዢል» ሲሆን፣ በጀርመንኛ ተናጋሪው ወገን ጊልግ፣ ከዚያም ኢልግ ሆነ። በአካባቢው ዘዬ ኢልግ የአበባ ስም፣ የሱፍ አበባ ዓይነት ሳይሆን የነጭ አበባዋ የሊሊ መጠሪያ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱ ቤተሰብ ስሙን ያገኘው በቤቱ በር ላይ ከተሳለ አበባ ሊሆን እንደሚችልም ይነገራል።

ስሙ ብርቅ ቢሆንም ቤቱ የታወቀ ነው፤ በቱርጋውና በአካባቢው፣ ከድንበር ማዶም በኦስትሪያ ፎራርልበርግ ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፎራርልበርግ አስተዳዳሪ የነበረውም ኡልሪሽ ኢልግ ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ግን የስሙ ጽናት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሐድሶ እንቅስቃሴ የቅዱሳንን ሥዕል ከዙሪክ አብያተ ክርስቲያናት አወጣ፤ በጄኔቫም በ1546 የወጣው ደንብ አንዳንድ ስሞች ለሕፃናት በጥምቀት እንዳይሰጡ ከለከለ። ሆኖም ከመቅደስ የተባረረው ቅዱስ በቤተሰብ ስም ውስጥ ተሸሽጎ ቀረ። ለምን ቢሉ፣ ስሙ ትርጉሙን ጥሎ መዝገብ ሆኖ ነበርና ነው። በ1876 የስዊስ መንግሥት የልደትና የጋብቻ መዝገብን ከካህናት እጅ ሲረከብ ኢልግ ማለት ኤጊዲየስ መሆኑን መጠየቅ አላስፈለገውም።

የእኛ ስም ግን ገና ይናገራል። እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥረው በቃል ነው፤ በየትውልዱ አንድ ስም ይጨመራል፣ ከወዲያኛው ጫፍ አንዱ ይወርዳል። ያገባች ሴትም የአባቷን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች። ይህን ያልተረዱ ሰዎች በሰኔ 1936 በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩትን ንጉሠ ነገሥት ዛሬም «ሥላሴ» እያሉ ይጽፏቸዋል፤ ኃይሉን ትተው ሥላሴን ብቻ እንደ ቤተሰብ ስም መያዛቸው ነው። የእኛም ሕግ ቢሆን ሞክሮት ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጓል። ሕዝቡ ግን ልማዱን አልለቀቀም።

አሁን ወደ ማስረሻ ልመለስ። ማስረሻ ማለት የሚያስረሳ ማለት ነው። ከካሣ፣ ከምትኩ፣ ከተተካ ጋር የአንድ ወገን ስም ነው፤ ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ለወለዱ ወላጆች መጽናኛ እንዲሆን የሚወጣ። ሐኪም ከሆንኩ ወዲህ እነዚህን ስሞች ስሰማ የሕመምተኛ ታሪክ የማነብ ይመስለኛል። አያቴ ከአባቴ በፊት ሁለት ልጆች በፈንጣጣ ቀብራለች። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ነው፤ አባቴ ያን ጊዜ የልጆች አባት ነበር።

ልጄ ዙሪክ ተወለደች። በአገራችን ልማድ ከስሟ ቀጥሎ መጻፍ የነበረበት የእኔ ስም ነበር፤ በስዊስ መዝገብ የተጻፈው የአያቷ ነው። እኔ ከመካከል ወደቅሁ። ከ1989 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የስዊስ ሕግ በአንቀጽ 37 የውጭ አገር ዜጋ ስሙ በአገሩ ሕግ እንዲመራለት ለመጠየቅ እንደሚፈቅድ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ከ2013 ወዲህ ባልና ሚስት በየስማቸው ሊቀሩ፣ ለልጃቸውም ከሁለቱ አንዱን ሊመርጡ ይችላሉ። «አባዬ፣ ማስረሻን ልስጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትርጉሙን ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ «እንዲረሱ የተፈለጉት እነማን ነበሩ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ስሙ ሥራውን እስከዚህ ድረስ ሠርቶ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ለምትኖረው ለአክስቴ ደወልኩ። እርሷም ከእናቷ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። ሴቲቱ በሦስት ዓመቷ የሞተች ዘነበች ነበረች። ወንዱ የሞተው ለአርባ ቀኑ ጥቂት ሲቀረው፣ ክርስትና ሳይነሣ ስለ ነበር ስም አልወጣለትም።

ልጄ ገና አልወሰነችም፤ እኔም አልመከርኳትም። ማስረሻ የሚለው ቢቀጥል ከአራትና ከአምስት ትውልድ በኋላ እንደ ኢልግ ትርጉሙን ጥሎ የመልእክት ሳጥን ጽሑፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። የስዊሱ የቤተሰብ መዝገብ ለዘነበችና ስም ላልወጣለት ወንድሟ ዐምድ የለውም። ስለዚህ እዚህ ጽፌአቸዋለሁ።