«ተቀበል!» ስንል

ነገሩ የሆነው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ኮሮና «መጣ፣ መጣ» እየተባለ ገና ባልመጣበት ሰሞን ነው። እኔና አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አንድ አዝማሪ ቤት ጎራ አልን። በሩ ላይ አስተናጋጁ ከጆግ ውሃ እያፈሰሰ በሳሙና አስታጠበን። ከምናውቃቸው እንግዶች ጋር መጨባበጡን ትተን በክርን ተነካካን፣ ተሳሳቅን። ከዚያም መስኮቷ በመጋረጃ በተዘጋች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ «ተቀበል!» እያልን ስንጮህ አመሸን። ስንወጣ ባልደረባዬ «መቼም የተባልነውን ሁሉ አድርገናል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተባልነውን አድርገናል።

በዚያው ሰሞን፣ በእኛ መጋቢት 1 ቀን (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2020)፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ማውንት ቨርነን በምትባል ከተማ አንድ የመዘምራን ቡድን ለልምምድ ተሰብስቦ ነበር። ስሙ ስካጂት ቫሊ ኮራል ይባላል። ከ122 አባላቱ 61 ሰዎች መጡ። እነሱም እንደኛው ጥንቃቄ አልጎደላቸውም። በር ላይ የእጅ ማጽጃ ቀርቧል፤ መተቃቀፍና መጨባበጥ ቀርቷል። ወንበር ለወንበር ተቀራርበው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዘምረው ተለያዩ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ጉንፋን የመሰለ ነገር ነበረበት። የጤና ባለሙያዎች ኋላ ሲቆጥሩ ከ61ዱ 53ቱ ታመው ተገኙ። 33ቱ በምርመራ የተረጋገጡ፣ 20ዎቹ ደግሞ «ሳይዛቸው አይቀርም» የተባሉ ናቸው። ሁለቱ ሞቱ።

ከዚያ ልምምድ ሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4፣ በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። የእኛ ምሽት በሰላም ያለፈው ስለተጠነቀቅን አይደለም። ዕድል ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ ተማሪዎቼን «ሰሙ ላይ አትቅሩ» እያልኩ እጨቀጭቃቸው ነበር። ራሴው ሰሙ ላይ ቀርቼ ኖሯል። ሰሙ እጅ ነው፣ ወርቁ ትንፋሽ። (እጅ መታጠብ አይረባም እያልኩ አይደለም፤ ታጠቡ!) ግን በዚያ የመዘምራን ቡድን ላይ የደረሰውን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ዋናው መንገድ አየሩ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። አየር በማይንሸራሸርበት ቤት፣ ብዙ ሰው፣ ለረጅም ሰዓት፣ ከፍ ባለ ድምፅ።

እዚህ ላይ አያቶቻችንን አስባለሁ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች ፈጀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። «የኅዳር በሽታ» የሚለው ስም ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ የሚጨሰው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውም፣ በሽታውን በጭስ ለማባረር የተደረገው መታሰቢያ ነው። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሳይንስ ለይቶ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ስለሆነ፣ ያኔ ማንም ጠላቱን አላየውም። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፤ ሳንባ ግን ይጎዳል። ቢሆንም እነሱ በሽታውን የፈለጉት አየሩ ላይ ነበር። እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ የዋልን ሰዎች፣ መዳፋችን ላይ ብቻ ፈለግነው።

ታዲያ ጥፋቱ የዘፈን ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘፋኞችን ለክተው ያገኙት፣ በእኩል ድምፅ እስከሆነ ድረስ መዝፈንና ማውራት ብዙም አይለያዩም የሚል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የድምፁ ከፍታ ነው። ከዝግታ ወደ ጩኸት ሲኬድ ከአፍ የሚወጣው ብናኝ ከ20 እስከ 30 እጥፍ ያድጋል። እስቲ የምሽት ቤቶቻችንን አስቡ። ስፒከሩ ያንባርቃል፤ «ቢራ ጨምር» ለማለት እንኳ የአስተናጋጁ ጆሮ ላይ መጮህ ግድ ነው። እንግዲህ ሙዚቃው ዝቅ ቢል ጆሮም ሳንባም ያርፋል ማለት ነው።

መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የአዝማሪ ደሞዝ ግን የሰው ብዛት ነው። ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወር ሲቆጥር ጎተራው እንግዳ የነበረ ሰው ምን ይበላል? ዘግቶ መቀመጥ ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ሌሎችም ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2021 ባርሴሎና ላይ ለሙከራ በተዘጋጀ ኮንሰርት 5,000 ሰው አዳራሽ ገባ። ሁሉም በዚያው ቀን ተመርምረዋል፤ ጥሩ ማስክ ታድሏቸዋል፤ የአዳራሹ አየርም እንዲለዋወጥ ተደርጓል። ለክትትል ከፈቀዱት 4,592 ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ የታመሙት ስድስት ብቻ ናቸው፤ አራቱ ደግሞ የያዛቸው ሌላ ቦታ ነው። ዘፈንና ጥንቃቄ አብረው ማምሸት ይችላሉ ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ያ አዝማሪ ቤት ሲከፈት ተመልሼ ሄድኩ፤ ማስክ አድርጌ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘፋኟ ወደኔ መጥታ ስታሞግሰኝ እንደ ድሮው ብሩን ግንባሯ ላይ መለጠፍ ፈራሁ። የቡና ስኒ ማስቀመጫው ላይ አኖርኩላት። «ተጸየፈኝ» ትላለች ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ተሳቀቅሁ። ልወጣ ስል በር ላይ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«ለምኑ?»

«እርስዎ አንድ ማታ መጥተው ይሄዳሉ። እኔ ግን በየማታው የዚህን ሁሉ ሰው ትንፋሽ ይዤ እናቴ ጋ ነው የምገባው። ደካማ ናት።»

አፈርኩ። እኔ እኮ ራሴን ከእሷ ስጠብቅ ነበር። እሷን ከእኔ መጠበቅ ለአፍታም አላሰብኩም። በሰባት ሌሊት ሰባት ቤት ሙሉ ሰው የሚተነፍስባት እሷ ናት፤ እኔ አንዱ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣኋት ሕግ አጭር ናት። ካሳለኝ ወይም ካተኮሰኝ ዘፈኑን ከቤቴ በሬዲዮ እሰማለሁ። ወረርሽኝ አለ በተባለ ጊዜ በረንዳ ወይም ክፍት መስኮት ያለው ቤት እመርጣለሁ፤ ማስክ አደርጋለሁ፤ ቶሎ እወጣለሁ። ግጥም ሳቀብል ዘፋኙ ፊት ላይ አልጮህም፤ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። ሽልማቱን ሳህን ላይ አኖራለሁ፤ ግን ከድሮው ጨመር አድርጌ። ደግሞም ቤቱ ሲዘጋ አዝማሪው የሚበላው እንዳለው ስልክ ደውዬ እጠይቃለሁ።

«ተቀበል!» የሚል ሰው የሚሰጠው ግጥም ብቻ መሆን አለበት።