ከልደታ ከመነሳታችን በፊት

ልጆቼን ይዤ ከተማ ለማየት ከመውጣቴ በፊት መጽሐፍ እመርጥላቸዋለሁ። በእኛ ልጅነት የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ተረት ያወጉን ነበር። ምክር አልጎደለንም፤ ባለሥዕል የአማርኛ መጽሐፍ ግን ብርቅ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት መክፈታቸውን ከልቤ የማመሰግነው ለዚህ ነው።

ዛሬ መጽሐፉን የምመርጠው መንገዳችንን አይቼ ነው። ከልደታ በቀላል ባቡር ለገሃር ስንወርድ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር ያውቁታል። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስንገባ ደግሞ ታናሿ ልጄ ከድንቅነሽ ጋር ቁመቷን ትለካካለች፤ 1 ሜትር ከ10 ያህል መሆኗን አንብባለች። ወላጆች ሆይ፣ ከታክሲው ሂሳብ በፊት የመጽሐፉን አስቡ፤ አንብቦ የመጣ ልጅ ጠያቂ ነው።