ለድሮ ፎቶም ሰነድ ይጠየቃል፦ የመጀመሪያዎቹ የመካና የመዲና ፎቶዎች

የሐጅ ወቅት በቀረበ ቁጥር በየስልካችን የሚዘዋወሩ ፎቶዎች አሉ። ከዕባ በጎርፍ ተከቦ አንድ ልጅ ውሃው ውስጥ ሲዋኝ የሚታይበትን ያላየ ያለ አይመስለኝም። «ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው መስጂደል ሐራም» ተብሎ የሚላክም አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ፎቶ «ከሁለት መቶ ዓመት በፊት» ተብሎ ተመልሶ ይመጣል። የጎርፉ ፎቶ የ1941 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሁለት መቶ ዓመቱ ነገር ግን ሊሆን አይችልም። የፎቶ ጥበብ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ነውና።

አንድ ወሬ ሲደርሰን «ማን አወራው? እሱስ ከማን ሰማ?» ብለን እንድንጠይቅ የተማርን ሰዎች ነን። ሐዲሥ ያለ ሰነድ አይወሰድም። የድሮ ፎቶም እንደዚያው ሲጠየቅ ነው የሚናገረው።

እስካሁን ከሚታወቁት የመዲና ፎቶዎች ቀዳሚዎቹን ያነሱት ግብፃዊው የጦር መኮንንና መሐንዲስ ሙሐመድ ሷዲቅ ቤይ ናቸው። በካይሮና በፓሪስ የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1861 ከቀይ ባሕር ወደብ ከአል-ወጅህ እስከ መዲና ያለውን መንገድ ለክተው ካርታ እንዲያነሱ ተላኩ፤ ከመለኪያ መሣሪያቸው ጋር ካሜራም ይዘው ነበር። በግንብ የታጠረችውን ከተማና የመስጂደን ነበዊን ቁባና ሚናራዎች አነሱ። ወቅቱ ሱልጣን ዐብዱልመጂድ ያስጀመሩት የመስጂዱ ትልቅ እድሳት የተጠናቀቀበት ሰሞን ስለነበር፣ ሕንጻውን ገና አዲስ ሳለ ነው ያገኙት።

የዚያን ጊዜ ፎቶ ማንሳት ምን እንደነበር ማወቅ ፎቶውን ለማንበብ ይረዳል። ፊልም የሚባል ነገር አልነበረም። አንሺው የመስታወት ሰሌዳ ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ ይቀባል፤ ጨለማ ውስጥ ብር ያለበት ውህድ ውስጥ ይነክረዋል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ አስገብቶ ያነሳል፤ አሁንም ሳይደርቅ ወደ ጨለማው መልሶ ያጥበዋል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት። በሒጃዝ ሙቀት ደግሞ ፈሳሹ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ካሜራ ብቻ ሳይሆን ድንኳን፣ ጠርሙስ፣ ንጹሕ ውሃና በቀላሉ የሚሰበር መስታወት በግመል ጭኖ መሄድ ግድ ነበር።

ከዚህም የሚከተል አንድ ነገር አለ። አንድ ምስል ለመቅረጽ ሰከንዶች ይፈጅ ስለነበር የሚንቀሳቀስ ሰው ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል፤ ጸንቶ የቆመ ይቀራል። በአንዳንድ የድሮ ፎቶዎች የጠዋፉ ቦታ ባዶ መስሎ ሲታይ «ያኔ ሰው አልነበረም» ብለን መደምደም የለብንም። ሲዞሩ የነበሩት ሰዎች ካሜራው ስላልያዛቸው ሊሆን ይችላል። ለሰላት የተሰለፈ ጀማዓ ግን በደንብ ይወጣል።

ሷዲቅ ቤይ በ1880፣ ማለትም በ1297 ዓመተ ሂጅራ፣ ከግብፁ የሐጅ ጓዝ ጋር በኃላፊነት ተጉዘው መካን አነሱ። ጓዙ በየዓመቱ መሕመሉንና ካይሮ የተሠራውን የከዕባ ኪስዋ ይዞ የሚሄድ ነበር። መስጂደል ሐራምን፣ ሰጋጆችንና ከተማዋን ቀረጹ፤ የከዕባን ቁልፍ ጠባቂ ዑመር አሽ-ሸይቢንም አስቀምጠው አነሱ። በሚቀጥለው ዓመት በቬኒስ በተደረገው የጂኦግራፊ ዐውደ ርእይ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰንሰለት ግን ስብራት አለበት። ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ሁርግሮንዬ በ1884 ጅዳ ገባ፤ በ1885 ዐብዱልገፋር በሚል ስም መካ ገብቶ ስድስት ወር ያህል ተቀመጠ፤ ሐጁ ሳይደርስ ተባረረ። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የመካ ሰው ነበር፤ ስሙም፣ እንደ አጋጣሚ፣ ሐኪሙ አስ-ሰይድ ዐብዱልገፋር። ሐኪሙ ስኑክ ከሄደ በኋላም ፎቶ ማንሳታቸውን ቀጠሉ፤ ሥራቸውንም በጅዳ በሆላንድ ቆንስላ በኩል ይልኩለት ነበር። ፎቶዎቻቸው ላይ ስማቸውንና «የመካ ሐኪም» የሚለውን በዐረብኛ ይጽፉ ነበር። ስኑክ በ1889 ባሳተመው የመካ ሥዕሎች መጽሐፍ ግን አብዛኞቹ ፎቶዎች የሐኪሙ ሆነው ሳለ ፊርማቸው ተፍቆ ወጣ። አንባቢ ሁሉንም የስኑክ አድርጎ ወሰደ። ዋናዎቹ ቅጂዎች በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ስለነበር ተመራማሪዎች ፊርማውን ከብዙ ጊዜ በኋላ መልሰው አወጡት። በሐዲሥ ትምህርት የሰማበትን ሰው ስም የሚሰውር ተራኪ «ሙደሊስ» ይባላል። ስኑክ የእስልምና ዕውቀቶችን ጠንቅቆ ያጠና ሰው ስለነበር ቃሉን አያውቀውም ማለት ይከብዳል።

እነዚህ ፎቶዎች ምን ያሳያሉ? ሲራ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሐረሙን በዓይነ ሕሊናቸው የሚያዩት ከዛሬው ነጭ እብነ በረድና ከሰዓቱ ማማ ጋር ነበር። የ1880ዎቹን ፎቶ ሳሳያቸው «ይሄ እውነት መካ ነው?» ይሉኛል። ግቢው በትናንሽ ቁባዎች በተሸፈኑ የዑስማንያ ደርቦች ተከቧል፤ ሚናራዎቹ ሰባት ናቸው። ከከዕባ አጠገብ የዘምዘም ቤት ቆሟል፣ በኒ ሸይባ የሚባለውም የቅስት በር ብቻውን ይታያል። ከኮረብታው ላይ በ2002 የፈረሰው የአጅያድ ምሽግ አለ። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው መንገድም ከመስጂዱ ውጭ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ የተደረደረበት የገበያ ጎዳና ነበር፤ ሐጃጁ ሰዕይ የሚያደርገው በሻጭና በገዢ መሃል ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚገርመው በአራቱ መቃሞች ነው። ሐነፊው፣ ማሊኪውና ሐንበሊው በጠዋፉ ዙሪያ የየራሳቸው ዳስ መሰል ሕንጻ ነበራቸው፤ የሻፊዒዩ ከዘምዘም ቤት በላይ ነበር። የየመዝሀቡ ኢማም ከየቦታው ያሰግድ ነበር። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ መካን ከያዙ በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ ጀማዓው በአንድ ኢማም ሥር ሆነ። ሕንጻዎቹ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቆመው፣ የጠፉት በ1950ዎቹ ከተጀመረው ማስፋፊያ ጋር ነው። ፎቶ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ እነዚህን ፈልጉ። መቃሞቹ ካሉ ፎቶው ከማስፋፊያው በፊት ነው፤ የሰዓቱ ማማ ካለ ደግሞ የላከላችሁ ሰው ቀልዷል።

በመዲናም በጀነተል በቂዕ መቃብሮች ላይ የነበሩ ቁባዎች በድሮ ፎቶዎች ይታያሉ፤ የፈረሱት በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። እዚህ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የማይቋረጥ ጭቅጭቅ አለ። አንዱ ፎቶውን አንሥቶ «ያው፣ ድሮም ነበር፤ ስለዚህ ይፈቀዳል» ይላል፤ ሌላው ፎቶው መኖሩ ራሱ ያናድደዋል። ሁለቱም ከፎቶው የማይገኝ ነገር እየፈለጉ ነው። ፎቶ በዚያ ቀን ምን እንደነበር ይመሰክራል፤ ትክክል መሆን አለመሆኑ በደሊል የሚታይ ጉዳይ ነው። የመካው ሐኪም ቁባውንም ገበያውንም እንዳየ ቀረጸ፤ ፈትዋ አልሰጠም።

ስለ ፈትዋ ካነሳን፣ ፎቶ ራሱ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ብዙ ያነጋገረ ጥያቄ ነው። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ መፈቀዱን የሚገልጽ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈዋል፤ በአንጻሩ የከለከሉ ዑለማዎችም አሉ። ዛሬ ፓስፖርት ያለ ፎቶ ስለማይሰጥ ጥያቄው ለሐጃጅ መልኩን ቀይሯል።

በእነዚህ ፎቶዎች ውስጥ የእኛ ሰዎችስ የሉም? ሐበሾች በመካ ባሪያ ሆነው ይሸጡ እንደነበር ስኑክ በመጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድና ሑጅራቸውን ሲጠብቁና ሲያገለግሉ ከኖሩት አጋ ተብለው ከሚጠሩት ጃንደረቦችም ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ። በድሮዎቹ ፎቶዎች ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ባለጸጋው ከነማዕረጉ ሲጻፍ አጠገቡ የቆመው «ባሪያው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ የተቀየረው ዘግይቶ ነው። ሳዑዲያዊው ፎቶ አንሺ ዓዲል አል-ቁረይሺ የመጨረሻዎቹን የመዲና አጋዎች ስምንት ትልልቅ የቁም ፎቶ አነሳ፤ ሥራው በ2015 ለንደን ለእይታ ቀረበ። ከ1861 ጀምሮ መዲና ስትነሳ ኖራለች፤ ሲያገለግሏት የኖሩት ሽማግሌዎች በየራሳቸው ፊት ለፊት የቀረቡት ግን ሊያልቁ ሲሉ ነው።

በየቤታችን ያለው ፎቶም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። እኔ ባየኋቸው ብዙ ቤቶች የአያት ብቸኛ ፎቶ ለሐጅ ፓስፖርት የተነሳው ነው፤ ከጀርባው ምንም አልተጻፈም። የሚያውቁት አክስት ወይም ሐጂ በሕይወት እያሉ ጠይቁ፤ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ከተማውንና ማን እንደነገራችሁ ጭምር ጻፉ። በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፤ ቀለም ዘልቆ ፊቱን ያበላሻል።