የጥርስ ተከላ፡- የወለቀ ጥርስን ለመተካት ከሚያገለግሉ አማራጮች አንዱ

በመበስበስ፣ በድድ ሕመም ወይም በአደጋ ምክንያት የወለቀ ቋሚ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ጥርሱ የነበረበት የመንጋጋ አጥንት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሳሳ ይሄዳል፤ አጎራባች ጥርሶችም ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብሉ ይችላሉ። በመሆኑም የወለቀን ጥርስ መተካት ከመልክ ባሻገር ለማኘክና አጥርቶ ለመናገር ይጠቅማል።

ለዚህም ሦስት ዋና ዋና አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ተጠቃሚው ራሱ እያወለቀ የሚያጸዳው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሆን፣ ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም አጥንቱ በሳሳ ቁጥር እየላላ ይመጣል። ሁለተኛው ብሪጅ የሚባለው ነው፤ በክፍተቱ ግራና ቀኝ ባሉ ጥርሶች ላይ ስለሚታሰር ጤነኛ ጥርሶችን መሞረድ ይጠይቃል። ሦስተኛው ኢምፕላንት በመባል የሚታወቀው የጥርስ ተከላ ሲሆን፣ አጎራባች ጥርሶች ሳይነኩ ብሎን መሰል የታይታኒየም ሥር በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በመትከል ይከናወናል።

ለዘመናዊው ተከላ መሠረት የጣሉት ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ናቸው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጥንቸሎች ላይ ባካሄዱት ምርምር ታይታኒየም ከአጥንት ጋር አጥብቆ እንደሚዋሃድ የተገነዘቡ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ዘዴውን ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ ተግባራዊ አድርገዋል። ለታካሚው የተደረገው ተከላ ከ40 ዓመታት በላይ አገልግሏል።

የተተከለው ሥር ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወራት ይፈጃል። ሰው ሠራሹ ጥርስ በላዩ የሚገጠመው በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። አጥንቱ የሳሳበት ታካሚ አስቀድሞ የአጥንት ማሟያ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

ሆኖም ተከላው ለሁሉም ሰው እኩል የሚስማማ አይደለም። ሲጋራ ማጨስ፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር በሽታና ያልታከመ የድድ ሕመም የመክሸፍ ዕድሉን ይጨምራሉ። በመንጋጋ አካባቢ የጨረር ሕክምና የወሰዱ ወይም ለአጥንት መሳሳት የታዘዘ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህንኑ ለሐኪማቸው አስቀድመው መግለጽ ይገባቸዋል። ዕድገታቸውን ላልጨረሱ ወጣቶችም ተከላው በአብዛኛው አይመከርም።

በመሆኑም ታካሚው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የአጥንቱ መጠን በራጅ መታየቱን፣ ድዱ ጤነኛ መሆኑን እንዲሁም የተነገረው ዋጋ በላዩ የሚገጠመውን ጥርስና የክትትል ምርመራውን ማካተቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ተከላው እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ባይበሰብስም በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ሊመረቅዝ ስለሚችል፣ በየዕለቱ ማጽዳትና በየጊዜው መመርመር የሕክምናው አካል ተደርጎ መወሰድ አለበት።